የባለቤቴ ክብደትና የመኪናዬ ባሌስትራ

በእኛ አገር መኪና የምትከበረው በምትጭነው ልክ ነው። በፍጥነቷ ማን ያከብራታል? ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወስደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በፍጥነት የሚወርድ ሰው ወይ ፍሬን የለውም፣ ወይ ልብ የለውም። ስለዚህ ጣሪያዋ ወገብ ላይ የሚቀር፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የስፖርት መኪና እንዳለኝ የሚሰሙ ሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ጤንነቴን ነው።

መኪናዋን የተወልኝ ለዓመታት በሾፌርነት ያገለገልኩት የውጭ አገር መሐንዲስ ነው። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስም፤ ወገቧም እንደ እኔው ነው። ዘንድሮ የኋላ ባሌስትራዎቿ፣ እነዚያ ከሥር ሆነው ክብደቷን የሚሸከሙት ድርብርብ ብረቶች፣ ጉብጠታቸው ጠፍቶ ለጥ አሉ። ድንጋይ በረገጠች ቁጥር ባለቤቴ አለሚቱ ትጮሃለች። በመጨረሻ፣ ለጣራ ገዳም ንግሥ ይህን ነገር ካላሠሩት እኔ በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ ብቻዎን ይንገላቱ አለችኝ። እኔ መኪና እያለኝ ሚስቴ ከሚኒባስ ስትወርድ ልትታይ? ይህን ውርደት ማን ይችላል?

ባሌስትራ ሠሪው ይበልጣል ዕድሜውን ሙሉ ከጭነት መኪና ሥር ያልወጣ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ አየና፣ "አያ ሙሉ፣ ይች ስንት ኩንታል ትጭናለች?" አለኝ። የምትጭነው እኔንና ባለቤቴን ብቻ ነው አልኩት። "እሳቸውስ ስንት ኪሎ ናቸው?" እኔ እንግዲህ በር ሦስት ጊዜ ቆልፌ የምተኛ ሰው ነኝ። ብረት ሲያንስ ነው እንጂ ሲተርፍ ማን ሞተ ብዬ፣ ለእሷ ብቻ ሁለት ኩንታል አስብ አልኩት። ጋራዡ ውስጥ ያለው ሁሉ ሥራውን አቆመ። አንዱማ ከሩቅ፣ "እግዜር ያቆይልዎ!" ብሎ መረቀኝ።

ይበልጣል ከጭነት መኪና የወጣ ብረት ቆርጦ ደረበባት። መነሣትስ ተነሣች፤ ኋላዋ ሰማይ፣ አፍንጫዋ መሬት ሆኖ ለስግደት የተደፋች መሰለች። ስነዳት እንደ ፍየል ትዘላለች። "ባዶዋን ስለሆነች ነው፤ እሳቸው ሲቀመጡባት ትረጋለች" ብሎ አጽናናኝ።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። አለሚቱ በር ላይ ቆማ፣ "ሁለት ኩንታሏ እኔ ነኝ፤ በየት በኩል ልጫን?" አለችኝ። ስለ ጥንቃቄ ላስረዳት ሞከርኩ። የተመዘነች ሚስት ማስረጃ ትሰማለች? የንግሡ ዕለት ነጠላዋን አጣፍታ በሚኒባስ ሄደች።

እኔስ ባዶ መኪና እንዴት ልንዳ? በየጉድጓዱ ጭንቅላቴ ጣሪያ ይመታል። አንድ ጆንያ ድንች ከኋላ፣ አንድ ጆንያ ደግሞ በእሷ ወንበር ላይ ጫንኩ። ኩርባ ላይ እንዳይወድቅብኝ በገመድ አሰርኩት፤ ጆንያው ወንበሩን እንዳይልጠው ጋቢዬን አለበስኩት። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ቀን ተመችቶኝ ነድቼ አላውቅም።

ገዳሙ ሥር ስደርስ አለሚቱ ከጎረቤቶቿ ጋር ቆማለች። በመስኮቱ አጎንብሳ ጋቢ የለበሰውን ጆንያ ብዙ አየችው። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "አርባ ዓመት አብሬዎት ስኖር፣ ብርድ ሲመታኝ እንኳ ጋቢዎን ደርበውልኝ አያውቁም። ይችኛዋ ምንዎ ብትሆን ነው?" አለች። ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ጋቢውን ከድንቹ ላይ ገፍፌ ሰጠኋት። እሷም ተቀብላ ደረበችው፤ እንደ ደረበችውም በሚኒባስ ተመለሰች።