በወይዘሮ አሰለፈች አውድማ ላይ የተመዘገበው ድል

ደብረ ታቦር ብዙ ታላላቅ ነገሮችን ያየች ከተማ ናት። ከሁሉም የሚበልጠውን ግን ያየነው ባለፈው ኅዳር ነው፤ የዓለም ዘጠኝ መቶ አርባኛ የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች በእግሩ መጣልን። ይህን ለመጻፍ ከእኔ የተሻለ ሰው የለም። በስም በማልጠራው ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ እውነትን ከነማኅተሙ የማየት ልምድ አለኝ።

ተጫዋቹ ዴክላን ራፈርቲ ይባላል፤ አየርላንዳዊ ነው። ስመ ጥሮቹ ተጫዋቾች ዝር በማይሉባቸው ትናንሽ ውድድሮች፣ አንድ ሳምንት ቱኒዚያ፣ አንድ ሳምንት ቱርክ እያለ፣ ራኬቱን ተሸክሞ አሥር ዓመት ዞሯል። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ላይ በመጀመሪያው ዙር ተሸነፈ። ቀጣዩ ውድድር እስኪደርስ ጊዜ ስለተረፈው አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበትን ጋፋትን ሊያይ መጣ። የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ አቶ ታምራት ግን እንግዳ እንዲሁ ጎብኝቶ ሲሄድ ዝም ብለው የሚያዩ ሰው አይደሉም።

ሆቴሉ ድረስ ሄድን። ያስተረጎመችልን ማስተዋል ነበረች፤ ስድስት ዓመት ዱባይ ሠርታ የተመለሰችና ጋፋት አጠገብ ከእናቷ ጋር የምትኖር ልጅ ናት።

«ከዓለም ስንተኛ ነህ በይልኝ» አሉ አቶ ታምራት።

«ዘጠኝ መቶ አርባኛ ነኝ ይላል።»

ወደ እኔ ዞሩ። «የዓለም ሕዝብ ስንት ነው?»

«ወደ ስምንት ቢሊዮን።»

«በቃ፣ አለቀ። እኛ እንኳ ከመሰል ጽሕፈት ቤቶች መጨረሻ ነን።»

«ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ዙር ነው የምሸነፈው ይላል» አለች ማስተዋል።

«ትሕትናውን አየሽልኝ?» አሉ አቶ ታምራት በአድናቆት።

በሦስት ቀን ውስጥ ዓለም አቀፍ ውድድር እንዲካሄድ ተወሰነ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉ ምቀኞች አልጠፉም። የጎደለን ግን ተጋጣሚና ሜዳ ብቻ ነበር። ተጋጣሚ ለመሆን አቶ ታምራት ራሳቸውን መሥዋዕት አደረጉ። ሜዳውን በተመለከተ የጨዋታውን መመሪያ አነበብን፤ ጠፍጣፋ፣ የጠነከረና አቧራ የማያስነሳ ይሁን ይላል። በአገራችን ይህን የሚያሟላ አንድ ነገር ቢኖር በእበት ተለቅልቆ የደረቀ አውድማ ነው። ከአውድማዎቹ ሁሉ ሰፊው ደግሞ የማስተዋል እናት የወይዘሮ አሰለፈች ነው። ከመመሪያው ልክ በግማሽ ቢያንስም ጨዋታውን ያፋጥነዋል ተባለ።

ወይዘሮ አሰለፈች ግን ገብሳቸውን ሊወቁ ክምሩን አፍርሰው ነዶውን አውድማው ላይ አውርደው ነበር። የዓመት ቀለባቸውም ዘራቸውም ያ ብቻ ነው፤ ሌላውን ማሳ በነሐሴ በረዶ መትቶባቸዋል።

«አንቱ ጌታው፣ ክምሬ ፈርሷል። ሁለት ቀን ይታገሡኝና ልውቃው» አሉ።

«እማማ፣ ጉዳዩ የአገር ገጽታ ነው። ነዶው ወደ ዳር ይሁን።»

«ዝናብ ቢመጣስ?»

«ለዝናብ በሚገባ ተዘጋጅተናል።»

እውነታቸውን ነበር። ዝናብ ሲመጣ ሜዳው ይሸፈን ስለሚል መመሪያው፣ ከአንድ የእህል መጋዘን ትልቅ ሸራ ተውሰን አምጥተናል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ተሰበሰበ። በአመድ መስመር ተሰምሯል፤ የመረብ ኳስ መረብም ተወጥሯል። አቶ ታምራት አርባ ደቂቃ ተናገሩ። «ስፖርት የልማት ሞተር ነው፤ ልማትም የስፖርት ሞተር ነው» አሉና ሁለቱ ሞተሮች ማንን እንደሚጎትቱ ሲያብራሩ በጉና ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ወይዘሮ አሰለፈች ከንግግሩ አንድም ቃል የሰሙ አይመስለኝም፤ ዓይናቸው ጉና ላይ ነበር።

ሁለቱ ተጋጣሚዎች ራኬት ይዘው ፊት ለፊት እንደቆሙ የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ።

«ሜዳው ይሸፈን» አሉ አቶ ታምራት።

ሠራተኞቹ ሸራውን ሊዘረጉ ሲሮጡ ወይዘሮ አሰለፈች ጫፉን ያዙ። «በእመብርሃን ይዤዎታለሁ፤ አውድማ ቢርስ መልሶ ይደርቃል። ገብስ ከራሰ ግን ይበቅላል። ገብሴን አልብሱልኝ።»

«እማማ፣ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ይሰማኛል። ነገር ግን ገብስ በመመሪያው ውስጥ አልተካተተም።»

እንግዳው ምን እንደሚባባሉ ማስተዋልን ጠየቃት፤ ነገረችው። አገሩ ዝናብ የማያጣው አገር ነው። አባቱ ገበሬ መሆኑን፣ ያጨዱት ድርቆሽ በዝናብ ሲበሰብስ እያየ ማደጉን ኋላ ላይ ነግሯታል። ያን ጊዜ ግን ራኬቱን ጥሎ ከመስመሩ ወጣና ሸራውን ከሠራተኞቹ እጅ ወስዶ ወደ ነዶው ጎተተው። ማስተዋል በአንድ በኩል፣ እናቷ በሌላ በኩል ያዙለት። ሕዝቡም ተከትሎ ጠርዙን በድንጋይ ተጫነው። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ ይህ ግን ቃለ ጉባኤው ላይ የለም።

ቃለ ጉባኤው ላይ ያለው ሌላ ነው። አቶ ታምራት ጃንጥላ ሥር ሆነው መመሪያውን ገለጡና ሳያስፈቅድ ሜዳ ለቆ የወጣ ተጫዋች በፎርፌ ይሸነፋል የሚለውን አንቀጽ አገኙ። «ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ። የዓለም ዘጠኝ መቶ አርባኛ ተጫዋች በአቶ ታምራት ተሸነፈ። ማኅተም ተመታበት፤ ግልባጩ ለበላይ አካል ተላከ፤ የምስክር ወረቀቱም በመስታወት ገብቶ ቢሯቸው ተሰቀለ።

እንግዳው አልተከፋም፤ ሽንፈትን ለምዶታል። ሁለት ቀን ቆይቶ ገብሱ ሲወቃ መንሽ ይዞ አገዘ። ሲሄድ ወይዘሮ አሰለፈች ከዚያው ገብስ ቆልተው ፈጭተው በሶ ቋጠሩለት። በዚያ ዓመት ከውድድር ሽልማት ይዞ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

በጥር ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣ። ዓለም አቀፍ ተጫዋች ያሸነፉት አቶ ታምራት አዲስ አበባ ላይ ከውጭ አገር ተጫዋቾች ጋር እንዲወዳደሩ ተመርጠዋል፤ ጨዋታውም በቴሌቪዥን ይተላለፋል ይላል። አቶ ታምራት በሕይወታቸው ያችን ኳስ አንድ ጊዜ እንኳ መትተው አያውቁም።

መጀመሪያ ወደ እኔ መጡ። «ያን ቃለ ጉባኤ ትንሽ ብናስተካክለውስ?»

«ማኅተም ያረፈበት አይሰረዝም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

ባጃጅ ይዘው ጋፋት ወረዱ፤ እኔም አብሬ። ወይዘሮ አሰለፈች ደጃፋቸው ላይ ገብስ ያበጥራሉ።

«እማማ፣ ጨዋታው እንዳልተጀመረ፣ ኳሷንም እንዳልነካኋት ይመስክሩልኝ» አሉ አቶ ታምራት።

ወይዘሮ አሰለፈች ሰፌዱን አስቀመጡ። «ምን ብዬ ልመስክር፣ ጌታው?»

«ቆመው ሲያዩ ነበር እኮ።»

«መቆሙንስ ቆሜ ነበር። ግን እኔም ገብሱም በመመሪያው ውስጥ አልተካተትንም።»

ቤት ገብተው በሶ ቋጥረው አወጡላቸው። «ይህን ይያዙ። ያ የሰው አገር ልጅ ሲሄድ፣ ለመሸነፍም ስንቅ ያስፈልጋል ብሎኛል።»