አህያውን ማን ያውጣው?

ኮምፒውተር የሚያበላሸው ቫይረስ ነው ያላችሁን ሰው አትመኑት። ኮምፒውተር የሚያበላሸው ይሉኝታ ነው! ቫይረስ እኮ መድኃኒት አለው፤ ትጭኑለታላችሁ፣ ይፈልገዋል፣ ያገኘዋል፣ ያጠፋዋል። ይሉኝታን ፈልጎ የሚያጠፋ ሶፍትዌር ግን እስካሁን አልሰማሁም፤ ቢሠራም ሐረር ሲደርስ እሱም አፍሮ ዝም የሚል ይመስለኛል። ይህን የምለው ዝም ብዬ ከመሬት ተነስቼ አይደለም። ሰሞኑን አንድ አህያ ማጥፋት አፍሬ በወላጆች ሁሉ ፊት ጉድ ሆኜ ነው።

እኔ የኮምፒውተር መምህር ነኝ። ክፍሌ ውስጥ አሥራ አራት ኮምፒውተሮች አሉ፤ ዘጠኙ ይሠራሉ፣ ሦስቱ ጎናቸውን መታ መታ ሲደረጉ ይሠራሉ፣ የቀሩት ሁለቱ ለግርማ ሞገስ የተቀመጡ ናቸው። ርዕሰ መምህራችን ግን ይህን ክፍል ባየ ቁጥር የሚታየው መጋዘን ነው። ግቢው ውስጥ ዝናብ የሚመታቸው የተሰባበሩ ወንበሮች አሉ፤ እሱም እነሱን እያየ ይተክዛል። አንድ ቀን ቢሮው ጠራኝና፣ በወላጆች ቀን ከዚህ ክፍል የወጣ አንድ የሚታይ ነገር ካልቀረበ ክፍሉ ለወንበሮቹ እንደሚሰጥ ነገረኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር የሚወድ ሰው ነው።

ደግነቱ ተማሪዎቼ ጌም እየሠሩ ነበር። ጌሙን ብታዩት ደስ ይላችኋል... በሐረር ግንብ በፈላና በር ትገባላችሁ፣ በጀጎል ጠባብ መንገዶች እየተሽሎከለካችሁ ፈረስ መጋላ አደባባይ ትደርሳላችሁ፤ መንገድ ላይ የምታገኙትን ሰው ሰላም ሳትሉ ካለፋችሁ ነጥብ ይቀነስባችኋል። ኢክራም የምትባለው ጎበዝ ተማሪዬ የራሳቸውን ቤት ፎቶ አንስታ፣ ሳሎኑን ከነነደባው፣ ማለትም ከነመቀመጫ መደቡ፣ ልክ እንዳለ ጌሙ ውስጥ ሠርታዋለች።

እንዲህ ያለ ነገር ታዲያ ከባዶ ተነስቶ አይሠራም። ለጌም መሥሪያው ሶፍትዌር የዓለም ሰው ሠርቶ ያስቀመጣቸው ፓኬጆች አሉ፤ ዝናብ የሚያዘንብ፣ ጥላ የሚያጠላ፣ ሰው የሚያራምድ። ማውረድና መጫን ነው፣ አቦ ምን ችግር አለው! ችግሩ አንዱም ብቻውን አለመምጣቱ ነው። እኛ ሰው የሚያራምደውን ፓኬጅ ጠራን፤ እሱ ጉልበት የሚያጥፈውን ጠራ፤ ጉልበት የሚያጥፈው ደግሞ ሌላውን፤ ያኛው በበኩሉ ሥራው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልገባኝን አንዱን ጎትቶ መጣ። ለሠርግ አንድ ሰው ጠርታችሁ ማኅበሩ በሙሉ ሲመጣባችሁ ታውቁት የለ? ቢሆንም ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ፣ ሰዎቻችንም መራመድ ጀመሩ። ጋሽ ተፈራ የመጡት ይሄኔ ነው።

ጋሽ ተፈራ ጡረታ የወጡ የሥዕል መምህር ናቸው። እኔን ጨምሮ የከተማውን ግማሽ እርሳስ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ አላፊ አግዳሚ አልቆጥርም አሉና በኮምፒውተር ቅርጽ መሥራት ተማሩ። ስለ ጌማችን ሲሰሙ ደግሞ አራት ወር ሙሉ ለፍተው አንድ አህያ ሠሩልን። ምን ዓይነት አህያ መሰላችሁ! ጆሮው ይንቀሳቀሳል፣ ጭራው ዝንብ ያባርራል፣ ዓይኑ ውስጥ የኑሮ ውድነት ይታያል። ራሳቸው በፓኬጅ መልክ አሰናድተው፣ ፍላሽ ላይ ገልብጠው፣ ፍላሿን በንጹሕ መሐረብ ጠቅልለው አመጡልኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው።

ጫንኩት። ወዲያው ስክሪኑ ላይ አርባ ቀይ የስህተት መስመር ተደረደረ።

ለካ ጋሽ ተፈራ አህያውን የሠሩት በማራመጃው ፓኬጅ በአሮጌው ቨርዥን ኖሯል። እኛ የጫንነው አዲሱን ነው። አህያው ማራመጃውን በድሮ ስሙ ይጠራዋል፤ አዲሱ ስሙን ቀይሯል፣ አይሰማም። ወደ አሮጌው ብንመለስ አህያው ይራመዳል፣ ሰዎቹ ግን እግራቸውን ሳያነሱ ቆመው ይንሸራተታሉ። ሁለቱን ቨርዥን አንድ ላይ እንድንጭን ሶፍትዌሩ አይፈቅድም። ይባስ ብሎ አንዲት ቀይ መስመር እስካለች ድረስ ጌሙ ጨርሶ አይነሳም። በአንድ አህያ የተነሳ ከተማው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ኢክራም መፍትሔውን ለማግኘት ደቂቃ አልፈጀባትም። የአህያውን ፓኬጅ መርጦ አጥፋ የሚለውን መጫን ብቻ ነው፤ አንድ ቁልፍ፣ አለቀ። እውነቷን ነው። ግን እስኪ እናንተ ብትሆኑ ታደርጉታላችሁ? ጋሽ ተፈራ በየቀኑ ይመጣሉ። ኮፍያቸውን አውልቀው በሩ ላይ ይቆሙና አህያው እንዴት እንደዋለ ይጠይቁኛል፤ እኔም ደህና ነው ጋሼ እላለሁ። የአራት ወር ልፋታቸውን በአንድ ጣት ደፍቼ በማግስቱ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ጣቴ ሦስት ጊዜ ቁልፉ ዘንድ ደርሶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። የወላጆች ቀን ደግሞ እየገሰገሰ ነው፤ ወንበሮቹም ደጅ ሆነው ይጠብቃሉ።

ሲጨንቀኝ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ በሰፈራችን የታወቀች አስታራቂ ናት፤ ባልና ሚስት እሷ ፊት ቀርበው ሳይታረቁ ሲወጡ አላየሁም። ስለ ፓኬጅ የምታውቀው ነገር የለም፤ ሁለቱ አልስማማ ብለው ቤቱ ቆመ ስላት ግን ከእኔ በላይ ገባት። ዘዴዋን ያን ቀን ነው የነገረችኝ። ለሚስትየው ባልሽ ተጸጽቶ እንባው መጣ ትላታለች፤ ለባልየው ደግሞ ሚስትህ ጥፋቱ የኔ ነው አለች ትለዋለች። ሁለቱም እንዲህ ያለ ነገር ካፋቸው አልወጣም። ግን ይታረቃሉ!

«አንተም መሀላቸው ግባና ለሁለቱም እሺ እሺ በላቸው» አለችኝ።

ገባሁ። በአህያውና በማራመጃው መሀል የሚቆም አንድ ፋይል ጻፍኩ፤ ስሙንም «አስታራቂ» አልኩት። አህያው ምንም ነገር ቢጠይቅ «አዎ» ይለዋል። ማራመጃውም ስለ አህያው ምንም ቢጠይቅ «አዎ» ነው መልሱ። አርባውም ቀይ መስመር ድራሹ ጠፋ! ጌሙ ተነሳ፣ አህያው ከፈላና በር ውጭ ቆሞ ጭራውን ሲወዘውዝ ታየ። ኢክራም ሲሄድም እንየው እንጂ አለችኝ። እኔ ግን የታረቁትን መነካካት ምን ያደርጋል ብዬ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። በማግስቱ የወላጆች ቀን ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ርዕሰ መምህሩ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ጋሽ ተፈራ ክራቫት አስረው እኔ አጠገብ ናቸው። ኢክራም ጌሙን አስነሳች። በበሩ ገባች፣ መንገደኞቹን ሰላም አለች፣ እነሱም መለሱላት፤ ወላጆች አጨበጨቡ። ክፍሌ ዳነ አልኩ በሆዴ። ከዚያ አህያው መራመድ ጀመረ።

አህያው በየእርምጃው፣ ከፊቴ መንገድ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አስታራቂው ፋይል «አዎ» ይለዋል። ከፊቱ የነበረው ግን የጀጎል ግንብ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እያለ፣ ስንቱን ዘመን የቆመውን ግንብ እንደ መጋረጃ ሰንጥቆት ገባ! ከዚያ አንድ ሱቅ፣ ከዚያ አንድ ባጃጅ፣ ከዚያ ሻይ የሚጠጡ ሰዎች... ኢክራም አቁም የሚለውን ቁልፍ ደጋግማ ትጫናለች፤ ማራመጃው አህያው ቆመ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ፋይሉ «አዎ፣ ቆሟል» ይለዋል፣ አህያው ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የአንዱን ቤት ግድግዳ በስቶ ሳሎን ገባ፤ አባወራው ብቻ የሚቀመጥበት ከፍ ያለው ነደባ ላይ ወጣና ጆሮውን አወዛወዘ። እዚያ ምን እንዳስቆመው እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ወላሂ ቤቴ ነው» አሉ የኢክራም እናት፣ ወይዘሮ ነፊሳ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ርዕሰ መምህሩ ብቻ አልሳቀም። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሽ ተፈራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ለምን አላጠፋኸውም?»

«ቅር እንዳይልዎት ብዬ ነው ጋሼ።»

«እኔ እኮ በየቀኑ የምመጣው አጥፍተኸው እንደሆነ ብዬ ነው። የኋላ እግሩ ልክ አይደለም፤ ከሰጠሁህ ማግስት ጀምሮ ሲያሳፍረኝ ከርሟል። አውጣው እንዳልልህ ደግሞ በሁለት እጅህ ነው የተቀበልከኝ።»

ልሳቅ ወይ ላልቅስ አላወቅሁም። እሳቸው እኔን አፍረው፣ እኔ እሳቸውን አፍሬ፣ ክፍላችንን ለወንበር አስረከብነው! ርዕሰ መምህሩም ተነስቶ ወላጆችን አመሰገነና፣ ሁላችሁም እንዳያችሁት ክፍሉ ከሰኞ ጀምሮ ለሌላ አገልግሎት ይውላል አለ። የተማሪዎቼን ፊት ማየት አቃተኝ።

ወይዘሮ ነፊሳ ይሄኔ ብድግ አሉ። ሳቃቸው የለም።

«አህያው ቤቴ ቆሞ? በአባወራው ቦታ? መጀመሪያ አህያውን አውጡልኝ፤ ክፍላችሁን ከዚያ በኋላ ትዘጋላችሁ።»

ወላጆች እውነቷን ነው አሉ። ርዕሰ መምህሩ ግራ ቀኙን አየ። እሱም የሐረር ልጅ ነው፤ በሰው ፊት እናትን እምቢ አይልም። ወደ እኔ ዞረና አህያውን ለማስወጣት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቀኝ። እንግዲህ መልሱን ታውቁታላችሁ። አፌን ከፈትኩ፤ ግን ጋሽ ተፈራ ቀድመውኝ ቆመው ክራቫታቸውን ያስተካክሉ ነበር።

«ከባድ ሥራ ነው» አሉ። «ቢያንስ አንድ ዓመት።»

ርዕሰ መምህሩም አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ለካ እሱንም ሥዕል ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አህያው ዛሬም ነደባው ላይ ነው፤ ተማሪዎቼም እዚያው ክፍላችን ውስጥ፣ አህያ እያስወጣን ነው እያሉ ሁለተኛ ጌማቸውን ጀምረዋል። ስለዚህ ርዕሰ መምህራችንን ፈረስ መጋላ ካገኛችሁት ሰላም በሉትና እለፉ፤ ስለ ቁልፉ እንዳትነግሩት አደራ።