ለሰላም የታሰበው ጠረጴዛ

እንከን የለሽ ካልሆነ በስተቀር ምንም ነገር የማይጨርስ ምሁር ገጥሟችሁ ያውቃል? የገርጂው ጎረቤቴ ዶክተር እንዲያ ነበሩ። የሚያጠኑት የእንጨት አደራረቅ ነው። ልጃቸው ሰላም አራተኛ ክፍል ሳለች የማጥኛ ጠረጴዛ ሊያሠሩላት ቃል ገቡና፣ ጣውላውን ግቢያቸው ውስጥ በሠሩት ማድረቂያ ከተቱት። በየጠዋቱ እንደ በሽተኛ ሙቀቱን ይለካሉ። ልጅቷ ወለል ላይ በደረቷ ተኝታ ታጠናለች።

«አባዬ፣ አሁንም አልደረቀም?»

«ውስጡ እርጥብ ነው የኔ ልጅ፤ ከቸኮልን ይሰነጠቃል።»

ጠረጴዛው የተሠራው ሰላም ለኮሌጅ ጅማ ከሄደች በኋላ ነው። ለእረፍት ስትመጣ እኔም እንዳይ ተጠራሁ። አንድም ስንጥቅ የለውም! ሰላም ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ግን ከሥሩ አልገባ አለ። ለካ ያሠሩት በአራተኛ ክፍል ቁመቷ ኖሯል።

«በጣም ያምራል አባዬ» አለች፣ ወደ ጎን ዞራ እየተቀመጠች።

ዶክተሩ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«መቼ ነው እንዲህ የረዘምሽው?»