ነፋስ ወደ ዶሮው ቤት እንዲገባ ስለ መፈቀዱ የተጻፈ ዜና

ጋሼ ሾፌሩ የአውቶቡስ መሪያቸውን አስረክበው ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት፣ የቤቱን ቧንቧ ልጠግን ያሉበት ዘመነ ቧንቧ በጎርፍ ተፈጽሞ፣ ዶሮ ማርባት የያዙበት ዘመነ ዶሮ በገባ በሦስተኛው ወር፣ እንዲህ ሆነ። እኚህ የረጅም መንገድ አንበሳ፣ ቁልቁለት የማያስደነግጣቸው፣ ከፍጥረት ሁሉ ነፋስን ብቻ የሚፈሩ፣ አውቶቡስ በነዱበት ዘመን ሁሉ ተሳፋሪ መስኮት በጣት ያህል ቢከፍት «ዝጋ! ንፋስ ልታስመታን ነው?» ብለው የሚያውጁ ነበሩና፣ የዶሮውን ቤት በገዛ እጃቸው ሲሠሩ ስንጥቁን በጨርቅ፣ ቀዳዳውን በካርቶን፣ የበሩን ሥር በአሮጌ ምንጣፍ ደፈኑት፤ ጉንጫቸውንም አስጠግተው ትንፋሽ እንኳ እንደማያስገባ ባረጋገጡ ጊዜ እጅግ ደስ አላቸው።

ወእምዝ፣ ከዚያም በኋላ፣ ገብስማይቱ ዶሮ አስነጠሰች፣ የዛጎልማይቱ ዓይን አበጠ፣ ወሰራይቱ እንቁላል ነሳች፣ የአውራውም ድምፅ ሰለለ። የኩሱ ሽታ መውጫ ቢያጣ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር እንደ ወራሪ ጦር እየተመመ ማድ ቤት ገባ። ጋሼም ነገሩን መርምረው «የሆነ ቦታ ንፋስ ገብቷል» በማለት አንድ ካርቶን ጨመሩ።

ያን ጊዜ የቤቱ እመቤት፣ ግዛታቸው ከጓዳ እስከ አጥር የሆነ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ፣ በረንዳ ላይ ቆመው ዐወጁ፦ «የሰማህ ላልሰማው አሰማ! እስከ ቅዳሜ ወይ ሽታው ይወጣል፣ ወይ ዶሮዎቹ እህቴ ቤት ይሄዳሉ። አንተ ሰውዬ፣ ጆሮህንም እንደ ዶሮው ቤት ደፍነኸው ከሆነ ክፈተው!»

ጋሼ ተጨነቁ፤ መሪውን ካስረከቡ ወዲህ ሲጠሯቸው ሮጠው የሚመጡላቸው እነዚያ ዶሮዎች ብቻ ነበሩና።

ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዘመቱ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ መዶሻ፣ እጀታው የሚወልቅ መጋዝ፣ ከጎረቤት ተውሰው ያልመለሱት መሰላል፣ ሥራ ሲጀመር ወገቡን የሚያመው አማቻቸው፣ ከማንም ወገን ያልሆነች ድመት። ነፋስ የሚያስገባውን ከዳተኛ ቀዳዳ ፈልገው ሊደፍኑ ወደ ውስጥ ዘለቁና፣ ብርሃን በየት እንደሚሾልክ ለማየት በሩን ሳቡት። አማቻቸው ወገቡን ሊያሳርፍ ሄዶ ነበር። እመቤቲቱ በዚያ ሲያልፉ በሩ ሳይቀረቀር ቢያዩ፣ «ዘንግቶት ነው» ብለው ከውጭ ቀረቀሩት።

ጋሼ ሾፌሩም ከዶሮዎቹ ጋር እኩል ተሳፋሪ ሆኑ። ዓይናቸው አነባ፣ ጉሮሯቸው ተከረከረ፤ አስነጠሱ፣ ገብስማይቱም መለሰችላቸው። ቢጮኹ ድምፃቸውን የገዛ ጨርቃቸው ዋጠው። በመጨረሻም ዕድሜ ልካቸውን ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ አዋጅ አስነገሩ፦ «ኧረ መስኮት ክፈቱ!»

የሚከፍት ቢጠፋ መዶሻውን አነሡ፤ ከቆጡ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን ሳንቃ ገነጠሉ፤ ዞረውም ትይዩውን ደገሙት። ነፋስ በአንዱ ገብቶ፣ ሽታውን ብብቱ ሥር ወሽቆ፣ በሌላው ወጣ፤ ከቆጡ በላይ ስላለፈም የአንዲቱንም ዶሮ ላባ አላነቃነቀም።

ድብደባውን የሰሙት እመቤት ቢከፍቱ፣ ባላቸው ጺማቸው ላባ አብቅሎ፣ አፍንጫቸውን በሳንቃው ክፍተት አሹልከው አገኟቸው። እመቤቲቱ አሸተቱ፤ ደግመውም አሸተቱ፤ ከዚያም ዐወጁ፦ «ዶሮዎቹ ይቀመጡ። ሰውዬው ይታጠብ!»

ቅዳሜ እህትየዋ ዶሮ ልትወስድ ቅርጫት ይዛ መጣች፤ ቅርጫቱን ባዶውን አንጠልጥላ ተመለሰች። አገር ያቀኑ ጀግኖች ብዙ ናቸው፤ ሕዝባቸውን በሁለት ሳንቃ ከቅርጫት ምርኮ ያስቀሩ፣ ታጥበውና ተበጥረው፣ በርጩማቸው ላይ ተኮፍሰው እንግዳዋን በክብር ያሰናበቱ ግን ጋሼ ሾፌሩ ብቻ ናቸው። ዝናቸው ከቆጥ እስከ አጥር ይንገሥ!