ቡሬ ከግራ ተጠመደ

ካሜራ የገዛ አፍቃሪ ከሰካራም አይሻልም! ሰካራሙ እንኳ ሲበርድለት ያፍራል…

በሚሊኒየሙ ማግሥት ነው፤ ከአዲስ አበባ መጥቼ ወረታ አስተምር ነበር። ዝናሽን ወደድሁ፣ ወደደችኝ። የቀሩት የቁሐር ሚካኤሉ ገበሬ አባቷ አያ ደርሶ ብቻ ናቸው። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ልባቸውን የማገኝበትን መላ የጠቆመችኝ ራሷ ናት፤ አባቷ በጉብዝናቸው ከጥማድ በሬዎቻቸው ጋር የተነሱት ፎቶ በጎርፍ ተበላሽቶ፣ የፊልሙ ኔጋቲቭ ብቻ ሣጥን ውስጥ ተርፏል።

«አምጪው!» አልኋት። ምን ቸገረኝ! ዲጂታል ካሜራ አለኝ፤ ትንኝን ጎሽ የሚያሳክል ማክሮ የሚሉት ሌንስ አለኝ!

የመስኮቱን መስታወት ነጭ ወረቀት አልብሼ ኔጋቲቩን ለጠፍሁበት፤ ካሜራውን ፊት ለፊቱ ገተርሁት። ጠቅ! ደበዘዘ። ጠቅ! አሁንም ደበዘዘ። ለካ የጎረቤቴ የሩዝ መፈልፈያ በተነሳ ቁጥር ቤቴም አብሮ እስክስታ ይወርዳል! እናንተዬ፣ መፈልፈያው ለምሳ እስኪቆም ተጎልቼ ጠበቅሁ። ቆመ። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ… ጠቅ! ኮምፒውተር ላይ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር ሳደርገው አያ ደርሶ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ጅራፍ ይዘው ብቅ አሉ። ብቻዬን ጨፈርሁ፤ ምን አሳፈረኝ!

ትልቅ አድርጌ አሳጥቤ፣ ፍሬም አስገብቼ፣ እየከነፍሁ ቁሐር ሚካኤል ደረስሁ። አያ ደርሶ ተቀበሉኝ። አዩት፣ አዩት… ፊታቸው ጠቆረ።

«በሬዎቼን ማን ነው አዛውሮ የጠመደብኝ?»

«ምን ሆኑ፣ አያ?»

«ቡሬ ዕድሜ ልኩን የቀኝ በሬ ነው! አንተ ከግራ ጠመድኸው! ዳለቻን ከቀኝ! በዚህ ታርሶ ፈሩ ሊቀና ነው?»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ኔጋቲቩን በጀርባው ነበር የለጠፍሁት፤ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ ወጥቷል። እሳቸውም ጅራፉን በግራ እጃቸው ይዘዋል፤ እሱን ግን ልብ ያለው የለም።

«የበሬ ግራና ቀኝ ለማይለይ ሰው» አሉ ወደ ዝናሽ ዞረው፣ «ልጅ አይሰጥም!»

ዝናሽ ዓይኗ እንባ ሞላ። የኔንስ አትጠይቁኝ።

ወረታ ተመልሼ ኔጋቲቩን ገለበጥሁ፤ መፈልፈያው እስኪቆም ደግሞ ጠበቅሁ፤ ጠቅ! በማግሥቱ ይዤላቸው ሄድሁ።

«እሰይ! ቡሬ፣ የኔ አንበሳ!» ብለው ፎቶውን ሳሙት። ቀጥለው እኔን ሳሙኝ። «በል ሽማግሌህን ላክ።»

ላክሁ፤ ተሰጠችኝ! በሰርጋችን ቀን ፎቶ ልንነሳ ስንቆም አያ ደርሶ አሁን የሚያርሱባቸውን ሁለት በሬዎች አስነድተው መጡ። «የቀኙ በቀኝ! የግራው በግራ!» እያሉ ሲያሰልፉ እኔ ወደ ዳር፣ ወደ ዳር…

የሰርጉ ፎቶ ዛሬም ቁሐር ሚካኤል፣ አያ ደርሶ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። በሬዎቹ ልክ ናቸው። ሙሽሪትም አምራለች። ከሙሽራው የሚታየው ግማሽ ጆሮና አንድ ትከሻ ነው። አያ ደርሶ ግን ለገባ እንግዳ ሁሉ እያሳዩ ይኮራሉ፦

«ይኸ እንኳ ምንም አልጎደለው!»