ለቅሶ የደረሰው ድሮን

የአዲስ አበባ ሰው «የኔ ነው» ለማለት የሚቀድመው የለም። የመኪና ማቆሚያው፣ የታክሲው የመስኮት ወንበር፣ የካፌው ጥግ… «ይቅርታ፣ እኔ ነኝ የቀደምኩት!» ታዲያ አንድ ዕቃ ተሰብሮ፣ ፈሶ፣ ወይም ሰው ላይ ወድቆ ሲገኝ እስቲ «የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጸጥ! ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ጣሪያ ከሌለ ደግሞ ሰማይ ሰማዩን።

እኔ ይህን ያረጋገጥኩት በቅርቡ፣ ሰፈር ሙሉ ሰው ሰማይ ሰማዩን ሲያይ ነው። ያውም ለቅሶ ላይ!

ካዛንቺስ፣ እኛ ሰፈር፣ አባባ ተሰማ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ጉልበታቸውን ለገሃር ባቡር ጣቢያ ጨርሰው፣ የልጅ ልጅ አይተው፣ ዕድሜ ጠግበው አረፉ። እንዲህ ያለ ሞት ያስለቅሳል እንጂ አያስደነግጥም። ድንኳን ተጣለ፣ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ ሁሉም በወጉ ሊያልፍ ነበር… የበኩር ልጃቸው ጋሻው ባይኖር።

ጋሻው ወሎ ሰፈር የቤት ዕቃ መሸጫ አለው። አባቱን ይወዳል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ከዚያ በፊት የአንድ ጎረቤታችን እናት ቀብር በሁለት ካሜራ ተቀርጾ ነበርና ጋሻውን የሚያንገበግበው የአባቱ ሞት ይሁን ያ ቪዲዮ፣ ለመለየት ይቸግር ነበር።

«ሕዝቡን አየኸው?» አለኝ ድንኳኑ በር ላይ።

«ኧረ ምን የመሰለ ሕዝብ ነው!»

«ከታች ሆነህ ምኑን አየኸው? የሰው ብዛት የሚታየው ከላይ ነው። በቃ፣ ከላይ!»

እኔ ስለ ሰማይ ቤት የሚያወራ መስሎኝ «አሜን፣ እሳቸውም ከላይ ሆነው ያዩታል» ብዬ አጽናናሁት። ለካ የሚያወራው ስለ ናቲ ድሮን ነው!

ናቲ የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። ባምቢስ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ይሠራል። ሳምንቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ ይውልና ቅዳሜና እሁድ ድሮን ያበርራል። ድሮኗ አገር ውስጥ የገባችው በእንግዳ ሻንጣ፣ በሕፃን ልብስ ተጠቅልላ ነው። ልብ በሉልኝ… ናቲ ልጅ የለውም! እናም በኋላ «ክልክል መሆኑን አላውቅም ነበር» ሲል እኔ ውስጥ ውስጡን ሳቄ መጣ። የማይከለከል ዕቃ ማን በሕፃን ቱታ ይጠቀልላል?

ደግሞ ስንቴ ነግሬዋለሁ መሰላችሁ!

«ናቲ፣ ይሄ ነገር ፈቃድ ያስፈልገዋል ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ጋሼ ደግሞ! ፈቃድ እኮ ለቢዝነስ ለሚጠቀሙበት ነው። የኔ ለሆቢ ነው።»

«ቢወድቅስ?»

«አይወድቅም፤ ሴንሰር አለው።»

«ሰው ላይ ቢወድቅስ?»

«ማለቴ… ሰው ይሸሻላ!»

ሴንሰሩ የተገጠመው እኛ ላይ ኖሯል!

የቀብሩ ዕለት አስከሬኑ ከቤት ወጣ። ከፊት የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ይልማ ናቸው። ጋሽ ይልማ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ናቸው፤ ሥራው እንጂ ጠባዩ ጡረታ አልወጣም። እሳቸው ባሉበት ለቅሶ ላይ ስልክ የሚጮህበት ሰው ስልኩን ሳይሆን ራሱን ቢያጠፋ ይመርጣል። በሰፈራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቁት፣ በአጥር የተካሰሰውን የሚያስማሙት እሳቸው ናቸው።

ታዲያ ልክ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ፣ ድዝዝዝዝዝ… ድሮኗ ተነሳች።

እናንተዬ፣ ለቅሶ እንዲህ ሲለወጥ አይቼ አላውቅም! ደረቷን ትደቃ የነበረች አንዲት ሴት ቀና ብላ አየች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ከዚያ መድቃቱን ቀጠለች። አሁን ግን ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ፣ በልክ በልኩ። አስከሬን የተሸከሙት ቦርጫቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ። ከኋላ «ወዬ ወዬ» ይል የነበረ ጎረምሳ ሁለት ጣቱን ቀስሮ ምልክት አሳየ። ጋሻው ደግሞ ለቅሶና ትእዛዝ ተቀላቀለበት፦

«አባዬን… ከፍ በል ናቲ!… አባቴ መመኪያዬ… ከኋላ ያሉትንም አንሳቸው!… ምን ይውጠኛል… በግራ በኩል ዙር እንጂ!»

ጋሽ ይልማ ዘወር አሉ። «ይሄን ዝንብ አውርዱልኝ! አስከሬን ክብር አለው!»

«አንድ ደቂቃ ብቻ፣ ጋሽ ይልማ…»

«አውርድ አልኩ!»

ናቲ አወረደ። ግን መሬት ላይ ሊያሳርፋት አይደለም፤ የሐዘንተኞቹን ፊት ቀረብ አድርጎ ሊያነሳ ነው! ድሮኗ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አለችና ከምሰሶ ምሰሶ የተወጠረው ሽቦ ነካ አደረጋት። ተንገዳገደች። ናቲ ጣቶቹን ቢያርመሰምስ አልሰማ አለችው። ይሄኔ ዞር ብሎ ከጎኑ የቆምኩትን እኔን አየኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ያዝልኝ» አለና መቆጣጠሪያዋን እጄ ላይ አስቀመጣት።

እኔ ደግሞ ክፉ አመል አለብኝ፤ «ያዝልኝ» ከተባልኩ እይዛለሁ። የሰው ልጅም፣ የሰው ጃንጥላም ይዤ አውቃለሁ። ያዝኩ።

ዷ!

ድሮኗ የጋሽ ይልማ ግንባር ላይ አረፈች። ሰውዬው እንደ ቆሙ ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ነጩ ጋቢያቸው በደም ራሰ። ተሸካሚዎቹ ደንግጠው ሲበታተኑ አባባ ተሰማ ራሳቸው ከነሳጥናቸው ሊወድቁ ለጥቂት ተረፉ። እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። እውነቴን ነው፣ ለአፍታ ያህል ጋሽ ይልማ የሞቱ መስሎኝ ነበር። ለቅሶ ልንደርስ ወጥተን ሌላ ለቅሶ ልንጨምር ነው ብዬ።

ጎረቤቶች ደግፈው አቅራቢያችን ወዳለ ክሊኒክ ወሰዷቸው። ፖሊሶች ደግሞ ለመድረስ ቅጽበት አልፈጀባቸውም። ካዛንቺስ እኮ ነው! ኤምባሲው፣ ስብሰባው፣ ትልልቁ ቢሮ ያለበት ሰማይ ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ሲያንዣብብ ማን ዝም ይላል?

«የማን ነው?» አለ አንደኛው ፖሊስ፣ የተሰባበረችውን ድሮን አንስቶ።

ጸጥ! ሰፈሩ በሙሉ ሰማይ ሰማዩን ማየት ጀመረ። ጋሻውን ፈለግኩት፤ ሁለት ሴቶች መሀል ገብቶ እንደ አዲስ እየተንሰቀሰቀ ነው። ናቲን ፈለግኩት… ናቲ ሳጥኑ ሥር ገብቷል! የአባባ ተሰማን አስከሬን በትከሻው ተሸክሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን እየነከሰ ያነባል። አስከሬን የተሸከመን ሰው ደግሞ የትኛው ፖሊስ «ና ውጣ» ይላል?

የቀረሁት እኔ ነኝ። መቆጣጠሪያዋን በሁለት እጄ ጨብጬ።

ጣቢያ ስንደርስ የተረከበችኝ አንዲት መርማሪ ናት።

«ሥራ?»

«ወግ እጽፋለሁ።»

«ምን?»

«ወግ… በየሳምንቱ…»

ብዕሯን አስቀመጠች። «ወግ የሚያውቅ ሰው ለቅሶ ላይ ድሮን ያበርራል?»

«እኔ አላበረርኩም። ያዝልኝ ተብዬ ነው የያዝኩት።»

«እዚህ የሚመጣ ሁሉ ያዝልኝ ተብሎ ነው የያዘው» አለችኝ።

ስልክ እንድደውል ተፈቀደልኝና ሚስቴ ሰናይት ጋ ደወልኩ። ወሬው ቀድሞኛል።

«እግዜር ያሳይህ፣ ናቲን እንዳትጠራው!» አለችኝ ሰላም እንኳ ሳትለኝ።

«እንዴ! ያበረረው እሱ አይደል?»

«እሱ ገና ልጅ ነው። ገና አላገባም! ስሙ ቢጠፋ ማን ታገባዋለች? አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ምናለ ለጊዜው ብትወስድለት?»

«ስላገባሁ ልታሰር?»

«አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ታካብዳለህ!» ጥርቅም።

ከቀብር መልስ፣ ስማቸውን ስለሰጠሁ፣ ናቲም ጋሻውም ተጠርተው መጡ። እንግዲህ ስለ ኃላፊነት የሰማሁትን እናንተም ስሙ።

«እኔ ቅረጽልኝ ነው እንጂ አብርልኝ አላልኩም» አለ ጋሻው።

«እኔ ማለቴ… አብርሬያለሁ። የወደቀው ግን እኔ እጅ ላይ እያለ አይደለም» አለ ናቲ።

«ታዲያ ማን እጅ ላይ ነው የወደቀው?»

ሁለቱም ዞረው እኔን! የአማቼን ልጅ፣ ቤቴ እየመጣ ምሳ የሚበላውን ልጅ፣ ዓይን ዓይኑን አየሁት። የጫማውን ማሰሪያ ያስተካክል ጀመር።

መርማሪዋ ቁጣ የላትም፤ እንደ አስተማሪ ናት። ያለ ፈቃድ ማብረር ራሱን የቻለ ጥፋት መሆኑን፣ ሰው መቁሰሉ ደግሞ ሌላ ጥፋት መሆኑን፣ አብራሪው በቸልተኝነት አካል ላይ ጉዳት በማድረስ እንደሚጠየቅ፣ ካሳው ደግሞ ከቅጣቱ ተለይቶ ለብቻው እንደሚመጣ፣ ያዘዘውም ሰው «አላወቅሁም» ብሎ እንደማያመልጥ አንድ በአንድ አስረዳች።

«ግን እኮ ለሆቢ ነው!» አለ ናቲ።

«ሆቢህ ሰው መፈንከት ነው?»

እዚህ ላይ በሩ ተከፈተና ጋሽ ይልማ ገቡ። ግንባራቸው ተሰፍቶ፣ ጭንቅላታቸው በነጭ ፋሻ ተጠምጥሞ፣ ጋቢያቸውን ቀይረው። ሁላችንም ብድግ አልን። ጋሻው እግራቸው ላይ ሊወድቅ ዳዳው።

«ጋሽ ይልማ፣ በአባቴ ይዤዎታለሁ! ነገሩን በሽምግልና እንጨርሰው!»

«በማን ሽምግልና?» አሉ።

እውነትም በማን? ሰፈሩ ውስጥ ሰዎች ሲጣሉ የሚጠሩት ሽማግሌ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ተፈንክተዋል!

«እኔ በበኩሌ ይቅር ብያለሁ» አሉ ጋሽ ይልማ ተቀምጠው። «ልጆቼ ናችሁ። ግን ያቺ ነገር እኔን ትታ ከጎኔ የነበረችውን ሕፃን ያዘለች ሴት አግኝታት ቢሆንስ? በእሷም ፈንታ እኔ ነኝ ይቅር የምላችሁ?» ከዚያ ወደ መርማሪዋ ዞሩ። «ያበረረው ይሄ ነው» አሉ ናቲን እያሳዩ። «ከቤት ጀምሮ ዓይኔን አልነቀልኩበትም። ይሄኛው» እኔን ማለታቸው ነው «ምን እንደያዘ እንኳ አያውቅም።»

ነፃ የወጣሁት በዚህ ምስክርነት ነው። ደስ ይበለኝ ወይስ ልቀየም እስካሁን አልወሰንኩም።

ናቲ እዚያው አደረ። በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ተባለ፤ እስሩ በገደብ ሆኖለት፣ መቀጮውን ከፍሎ፣ የጋሽ ይልማን ማሳከሚያ ሸፍኖ፣ ድሮኗ ተወርሳ ወጣ። ጋሻውም ከካሳው ድርሻው አልቀረለትም። ሰናይት ለሁለት ሳምንት ያህል ሳህን ስታስቀምጥልኝ ድምፅ ታሰማ ነበር፤ በእሷ ቤት ወንድሟን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ። ያቺ «ያዝልኝ» የምትባል ቃል ቤታችን ውስጥ አልተነሳችም።

ነገሩ አለቀ ብዬ ስተነፍስ የዕድር ስብሰባ ተጠራ። ጋሽ ይልማ ፋሻቸው በፕላስተር ተተክቶ ከፊት ተቀምጠዋል። ለቅሶ ላይ ምንም ዓይነት የሚበርር ነገር እንዳይኖር በአንድ ድምፅ ተወሰነ። አጨበጨብኩ። ከሁሉም በላይ አጨበጨብኩ። ከዚያ ጋሽ ይልማ መነጽራቸውን አደረጉና ስሜን ጠሩ።

«በአባባ ተሰማ ቀብር ላይ አልተገኘህም።»

ሳቅኩ። የሳቀ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ጋሽ ይልማ… እኔ እኮ ፖሊስ ጣቢያ ነበርኩ!»

«ቀሪ መሆንህን ቀድመህ አሳውቀሃል?»

«እንዴት አድርጌ ነው ሳልታሰር በፊት የማሳውቀው?»

«እኔ ግንባሬን ተሰፍቼ፣ ከክሊኒክ በቀጥታ ቀብር ደርሻለሁ» አሉ በረጋ ድምፅ። «አንተ ምንህን ታመህ ቀረህ?»

ነገሩ ለድምፅ ቀረበ። ልቀጣ ይገባል የሚሉ እጅ እንዲያወጡ ተጠየቀ። ከሁሉም ቀድሞ፣ ከፍ አድርጎ፣ ከላይ ጥሩ ሆኖ እንዲታይ ይመስል እጁን የዘረጋው ጋሻው ነበር።

«ያሳዝናል!» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «በአባቴ ቀብር ላይ እንኳ መገኘት አቃተው!»