የነጻው ፕሮግራም መመሪያ

አንባቢዬ፣ ድካሙን ለዓለም በነጻ ሰጥቶ ማብራሪያ ላይ ሲደርስ የሚሰስት ሰው ገጥሞህ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ኸይረዲን ይባላል፤ የወልቂጤ ልጅ ነው። እኔ ቡታጅራ ውስጥ የክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ኮምፒውተራችን የሚሠራው እሱ ጽፎ ማንም እንዲጠቀምበት በለቀቀው ፕሮግራም ነው። መመሪያው ግማሽ ገጽ ነው፤ አብዛኛው ሰላምታ ነው።

ባለፈው ወር የታካሚዎቹ ስም በሙሉ ከኮምፒውተሩ ጠፋ። ከእንሴኖ የመጡ አንዲት እናት መስኮቱ ላይ ቆመው፣ "ልጄ፣ እያየኸኝ የለችም ይልሃል?" አሉኝ። ምን ልበላቸው? መመሪያው "ችግር ካጋጠመ እንደ አስፈላጊነቱ ያስተካክሉ" ይላል።

ደወልኩለት። በሚኒባስ መጣ፤ ደግነቱን አልክድም። ነካ ነካ ሲያደርገው ስሞቹ ተመለሱ።

"ወላሂ፣ ቀላል ነገር ነው" አለኝ።

"ቀላል ከሆነማ መመሪያው ላይ ጻፈዋ!"

እዚያው ቁጭ ብሎ ጻፈ።

ትናንት ስሞቹ እንደገና ጠፉ። የኸይረዲን ስልክ ዝግ ነው። እኒያው እናት፣ አሁን በሰው ተደግፈው፣ መስኮቱ ላይ ቆመዋል። መመሪያውን በተስፋ ከፈትኩ። አንድ አዲስ መስመር ተጨምሮበታል።

"ምን ይላል ልጄ?"

"ይህ ችግር ተፈቷል" ብዬ አነበብኩላቸው።

"አልሐምዱሊላህ" አሉና ካርዳቸውን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።